ታይሉ ካለቀ በኋላ ተራ አለ ወይ? በካርካሶን የመጨረሻ ቆጠራ ላይ ለተነሳ ክርክር የተሰጠ ምላሽ

«ጋሼ፣ መሐል ሜዳ የምናስተምር አራት መምህራን ነን። ካርካሶን የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ማስፋፊያ ጋር ደባልቀን እንጫወታለን። ባለፈው የመጨረሻዋን ታይል (ካሬ የካርቶን ቁራጭ) ከከረጢቱ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። ግንበኛዬ የቆመበትን መንገድ አስረዘምኩባት፤ ከመንገዱ ወዲህ ባለው ባዶ ማሳ ላይም ገበሬ አስተኛሁ። ከዚያ ‹ግንበኛዬ ሁለተኛ ተራ ይሰጠኛል፤ ታይል ባይኖርም ከመንገዱ ወዲያ ባለው ማሳዬ ላይ አሳማዬን ላስቀምጥ› ብል የሒሳብ መምህሩ አሻፈረኝ አለ። ካቴድራል ያለበት ከተማዬ አንድ ጎን ስለቀረው ዜሮ ነው አለኝ፤ እኔ ቢያንስ እንደ ማንኛውም ያልተዘጋ ከተማ በታይል አንድ አንድ ነጥብ ይገባኛል ባይ ነኝ። ወይን አራት አራት ይዘን እኩል ስለሆንን 10ሩን ለሁለት እንካፈል አለ። ማሳ ላይ እኔ ለአንድ ከተማ 4 ስል እሱ 3 ይላል። እንግሊዝኛ መምህሯ ደግሞ ‹እኔ አንድ ተራ ጎድሎብኛል፣ ዙሩ ይሙላ› ትላለች። የነጥቡን ዝርዝርና ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ማን አሸነፈ?»

ፍርዱን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ምክንያቱ ይከተላል። ያሸነፈው የሒሳብ መምህሩ ነው፤ 109 ለ 104። በወይኑ ግን እሱም ስቷል፤ ስህተቱ በሁለታችሁ መካከል ያለውን ልዩነት ስለማይነካ ብቻ ነው የዳነው። የእንግሊዝኛ መምህሯ አቤቱታ ውድቅ ነው። ካንተ ሦስት ክርክሮች ሁለቱ መጽሐፉን ረጋ ብሎ በማንበብ ይዘጋሉ። የማሳው ግን የእውነት ክርክር ነው፤ ጨዋታውንም የሚገለብጠው እሱ ስለሆነ ብዙውን ቦታ እሱ ይወስዳል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ካርካሶን በደቡብ ፈረንሳይ በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ናት። በስሟ የተጠራውን ጨዋታ የፈጠረው ጀርመናዊው ክላውስ ዩርገን ቭሬደ ነው፤ ሃንስ ኢም ግሉክ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣው፤ በዓመቱ የጀርመንን የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ሽልማት ወሰደ። በሳጥኑ ውስጥ 72 ካሬ ታይሎች አሉ፤ አንዷ መነሻ ሆና ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች። ተራው የደረሰ ሰው አንድ ታይል ያወጣል፤ ከተማ ከከተማ፣ መንገድ ከመንገድ፣ ማሳ ከማሳ እንዲገጥም አድርጎ ያስቀምጣል። ከፈለገ እዚያችው ታይል ላይ አንድ የእንጨት ሰውዬ ያደርጋል፦ ከተማ ውስጥ ከሆነ ፈረሰኛ፣ መንገድ ላይ ሽፍታ፣ ገዳም ውስጥ መነኩሴ፣ ማሳ ላይ ገበሬ ይባላል። የተዘጋ ነገር ወዲያው ይቆጠራል፣ ሰውዬውም ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ገበሬ ብቻ ተኝቶ የመጨረሻውን ቆጠራ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው አንደኛው ማስፋፊያ 18 ታይሎችን ጨምሮ እንግዳ ማረፊያንና ካቴድራልን አመጣ። በ2003 የወጣው ሁለተኛው 24 ታይሎች፣ ግንበኛ፣ አሳማ፣ እንዲሁም ወይን፣ እህልና ጨርቅ የተባሉ ሸቀጦችን ጨመረ። (አሳማውን እኛ ደብረ ብርሃን ላይ «በጉ» ነው የምንለው። ማሳ ላይ አሳማ ማሰማራት ለእኛ አገር ሰው አፉ ላይ አይመጣለትም።)

አሁን ወደ ጉዳዩ። የቀን ሥራዬ ጥብቅና ነው። የሰሌዳ ጨዋታ ክርክርም ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት ሳይቀር ይመጣልኛል፤ ያውም ያለ ዳኝነት ክፍያ። ለሁለቱም የምነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ቃሉ በእርግጥ አሻሚ ነው ወይስ ግልጽ ሆኖ ሳለ አልተመቸኝም? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1733 የሚለው ይህንኑ ነው፤ የውሉ ቃል ግልጽ ሲሆን ዳኛው ከዚያ ርቆ «ተዋዋዮቹ ያሰቡት ሌላ ነበር» እያለ ሊተረጉም አይችልም። አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ጨዋታ ሲጀምር ውል ገብቷል፤ ውሉም የደንቡ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ «አሁን የት ላይ ነን?» የሚል ነው። የካርካሶን ፍጻሜ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። መጀመሪያ የመጨረሻው ተራ አለ፦ ታይል ይቀመጣል፣ ሰውዬ ይቆማል፣ የተዘጋ ካለ ይቆጠራል። እሱ ሲያበቃ ጨዋታው አበቃ። ከዚያ የመጨረሻው ቆጠራ ይመጣል። በዚህ ጊዜ መሬቱ ላይ አዲስ ነገር አይቀመጥም፤ ያልተዘጋው አይዘጋም፤ ያለው ባለበት ዋጋ ይሰጠዋል። ማስፋፊያ ሲጨመር የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የተራን መብት ወደ ቆጠራ ይዞ ከመግባት የሚመጣ ነው። ያንተ የግንበኛው ክርክር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ግንበኛው የሚሠራው እንዲህ ነው። እሱ ያለበትን መንገድ ወይም ከተማ በአዲስ ታይል ስታስረዝም ተራህን እስከ መጨረሻው ትጨርሳለህ፤ ታይል፣ ሰውዬ፣ ነጥብ። ከዚያ ሌላ ታይል አውጥተህ ሁሉንም እንደገና ትሠራለህ። ያችው ታይል መንገዱን ብትዘጋውና ግንበኛው ወደ እጅህ ቢመለስ እንኳ ሁለተኛው ተራ አይቀርብህም። ሦስተኛ ተራ ግን የለም፤ ሁለተኛዋ ታይልም መንገዱን ብታስረዝመው እዚያው ያበቃል።

አንተ የምትለው ይህ ነው፦ ተራ ማለት ሦስት እርምጃ ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ታይል ስለሌለ ካልተቻለ ሁለተኛውን ለምን አላደርግም? ክርክርህ የበላ ልበልሃ ወዝ አለው፣ አላጣጥለውም። የሚወድቀው ግን ሁለተኛው እርምጃ ራሱ ላይ ነው። ሰውዬ የሚቀመጠው በዚያው ተራ በተቀመጠችው ታይል ላይ ብቻ ነው። አሳማም እንዲሁ፤ ገበሬህ ያለበትን ማሳ የሚያስፋፋ ታይል ስታስቀምጥ በሰውዬ ፋንታ የምታደርገው ነው እንጂ በፈለግህ ጊዜ ከኪስህ አውጥተህ የምትጥለው አይደለም። በሁለተኛው ተራህ የተቀመጠች ታይል የለችም። የመጀመሪያዋ ደግሞ ገበሬህን ተቀብላ ሥራዋን ጨርሳለች፤ በአንድ ተራ አንድ ነው የሚቀመጥባት።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልህ የመሠረታዊውን ጨዋታ ደንብ ተመልከት። የወጣች ታይል የትም አልገጥም ካለች ወደ ሳጥኑ ትመለስና ሌላ ይወጣል። «ታይሉ ካልገጠመ ሰውዬህን አስቀምጠህ እለፍ» የሚል የለም። ደንቡ ታይልን የተራው በር አድርጎታል፤ በሩ ካልተከፈተ ውስጥ ያለው ጓዳ አይገባም። ከረጢቱ ውስጥ አንዲት ታይል እንኳ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ተራህ ሙሉ መብትህ ነበር፤ እሷን አውጥተህ፣ ማሳውን የምታስፋፋ ከሆነች አሳማህንም ታስቀምጥ ነበር። ግንበኛ የያዘ ሰው የመጨረሻዎቹን ታይሎች ቆጥሮ መጫወት ያለበት ለዚህ ነው። ከረጢት ስትጠቀሙ ቁጥሩ ስለማይታይ ሊያልቅ ሲል በጣት ዳብሶ መቁጠር ነውር የለውም፤ ካርቶኑን አይቶ መምረጥ ነው ነውሩ።

ደግሞም ብዙ አልተጎዳህም። አሳማው ገበሬህ ያለበትን ማሳ ለአንድ ከተማ አንድ ነጥብ ይጨምርለታል። ማሳህ አራት የተዘጉ ከተሞችን ስለሚነካ ጥቅሙ 4 ነጥብ ነበር። ገበሬውን ያስተኛህበት አዲሱ ማሳ ግን 6 አስገኝቶልሃል። ከሁለቱ የሚሻለውን መርጠሃል። አሳማውን እንኳ ብፈቅድልህ 108 ትሆን ነበር እንጂ አታሸንፍም።

እዚህ ላይ ማንም ያልጠየቀኝን አንድ ነገር አየሁ። ገበሬ ያስተኛህበት ማሳ በእርግጥ ባዶ ነበር ወይ? በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ማሳዎች የሚለያዩት መንገዱ እስካለያያቸው ብቻ ነው። መንገዱ የሚነሳው ከገዳም ደጃፍ ቢሆን ኖሮ ማሳው ገዳሙን ከበብ አድርጎ ዞሮ ሁለቱ ጎኖች አንድ ይሆኑ ነበር። አንድ ከሆኑ ደግሞ አንተው ራስህ ገበሬ አለህና ሁለተኛ ማስተኛት አትችልም፤ የያዘው የራስህ ሰው መሆኑ ደንቡን አይለውጠውም። ፎቶው በሻማ ብርሃን የተነሳ ስለሆነ በደንብ ማጉላት ነበረብኝ፣ ግን ይታያል፦ መንገድህ ከከተማ በር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ማሳውም ከተማዋን ከኋላ ዞሮ ሁለቱን ጎኖች አያገናኝም። ሁለቱ ማሳዎች የትም አይገናኙም። የሒሳብ መምህሩ ይህን ሳያነሳ መቅረቱ ገርሞኛል፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማነሳው ይህን ነበር።

ካቴድራሉ። እዚህ ላይ አሻሚ ነገር የለም። የማስፋፊያው መጽሐፍ የሚለው ሁለት ነገር ነው፦ ካቴድራል ያለበት ከተማ ሲዘጋ በታይልና በጋሻ (አንዳንድ የከተማ ታይል ላይ የተሳለው ምልክት) 3 ነጥብ ያወጣል፤ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ካልተዘጋ ምንም አያወጣም። ያንተ ከተማ 9 ታይልና 2 ጋሻ ነበረው። ያች የቀረችው አንድ ጎን በአሥረኛ ታይል ብትዘጋ 36 ነጥብ ትወስድ ነበር። ካቴድራል ባይኖርበት ኖሮ ሳይዘጋ 11 ያወጣ ነበር። አሁን ግን ዜሮ ነው። «ካቴድራሉን እንደሌለ ቆጥረን» የሚለው ንባብህ ቢያዝ ያ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር መቼም የማይሠራ ባዶ ቃል ይሆናል። ሁለት ትርጉም የሚችል ቃል ሲያጋጥም እንኳ ሥራ የሚሰጠውን ትርጉም እንመርጣለን እንጂ ሥራ የሚያስፈታውን አንመርጥም። እንግዳ ማረፊያ ያለበት መንገድም እንደዚሁ ነው፤ ሲዘጋ በታይል 2፣ ሳይዘጋ ቢቀር ዜሮ። ያንተ መንገድ ማረፊያ የለበትምና ሳይዘጋም በታይል አንድ፣ በጠቅላላው 5 ነጥብ ወስዷል።

ካቴድራሉን ማን እንዳስገባብህ አልነገርከኝም፤ መገመት ግን አያቅተኝም። ከረጢቱ ሊያልቅ ሲል የባላጋራን ትልቅ ከተማ ፈልጎ ካቴድራል መክተት ፍጹም ሕጋዊ የሆነ ተንኮል ነው። መድኃኒቱም ቀድሞ ነው፤ ከተማህን ባለ ሁለት ክፍት ጎን አድርገህ አታሳድር። እና አስታውስ፣ ያልተዘጋ ከተማ ለገበሬም አይቆጠርም፤ ስለዚህ ይህ ከተማ ማሳህ ከሚነካቸው አራቱ ውስጥ የለም። ሸቀጡንም ማንም አላገኘም፤ ሸቀጥ የሚሰጠው ከተማው ሲዘጋ ነውና።

ወይኑን በአጭሩ። በእያንዳንዱ ሸቀጥ ብዙ የያዘ 10 ነጥብ ያገኛል፤ እኩል የያዙ ካሉ እያንዳንዳቸው ሙሉ 10 ያገኛሉ። መካፈል የሚባል የለም። ወይን በጠቅላላው 9 ነው፤ አንተ 4፣ እሱ 4፣ አንዷ የፊዚክስ መምህሩ ጋ ነበረች፤ ለሁለታችሁም 10 10። ብትካፈሉም በሁለታችሁ መካከል ልዩነቱ ያው 5 ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቀረብ ብለዋችሁ ቢሆን ኖሮ ግን ያ መካፈል ደረጃቸውን ያላግባብ ከፍ ያደርገው ነበር። «ማንም ያልሰበሰበው ሸቀጥ ቢኖር ሁላችንም በዜሮ እኩል አይደለንም ወይ?» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትከራከሩት፤ ለአራታችሁም 10 ብትሰጡ ማንም ማንንም አይቀድምም።

የእንግሊዝኛ መምህሯን በትሕትና ንገሩልኝ፦ ይህ ጨዋታ ዙር አያሟላም። 72 እና 18 እና 24 ሲደመሩ 114 ናቸው፤ መነሻዋ ስትቀነስ 113 ታይል ከከረጢት ይወጣል። ለአራት ሰው ሲካፈል 28 ደርሶ አንድ ይተርፋል። ግንበኛ ባይኖር እንኳ አንድ ሰው በአንድ ተራ ይበልጣል። ግንበኛ ሲጨመርበት ደግሞ ተራ መብዛትና ማነሱ የጨዋታው አካል ሆነ፤ ሁለት ተራ የወሰደ ሁሉ ከሌሎቹ ታይል ነጥቋል። ዙር የሚያሟላ ጨዋታ መጽሐፉ ላይ ያንኑ ጽፎ ይናገራል። ይህ አልተናገረም።

አሁን ማሳው። አንተ 24 ነጥብ ጠይቀሃል፣ እሱ 18 ነው ይላል። በአንተ ቆጠራ 110 ለ 109 ታሸንፋለህ፤ በሱ 104 ለ 109 ትሸነፋለህ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብንተወው እንኳ ጨዋታው እዚህ ላይ ይወሰናል።

ሁለታችሁም መጽሐፍ አላችሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። ሳጥኑ ከጀርመን በዘመድ የመጣ የቆየ እትም ነው፤ ጀርመንኛ የምታውቅ ዘመድህ በደብተር የገለበጠችልህ ደንብ የዚያ ነው። የሒሳብ መምህሩ ደግሞ በስልኩ ላይ አዲሱን የእንግሊዝኛ ደንብ ይዟል። ሁለቱም እውነተኛ ደንቦች ናቸው። በመጀመሪያው እትም ማሳ የሚቆጠረው ከከተማው ተነስቶ ነበር፦ አንድ የተዘጋ ከተማ ተይዞ በዙሪያው ባሉት ማሳዎች ላይ ብዙ ገበሬ ያለው ማን እንደሆነ ታይቶ ለዚያ ሰው 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ያ ከተማ ከዚያ በኋላ ሁለተኛ አይቆጠርም። በአዲሱ ደንብ የሚቆጠረው ከማሳው ተነስቶ ነው፦ አንድ ማሳ ተይዞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይታያል፤ ማሳው ለሚነካው ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። አንድ ከተማ ሁለት ማሳ ከነካ ለሁለቱም ይቆጠራል።

ፎቶህን እንየው። ወዲያ ያለው ማሳህ አራት የተዘጉ ከተሞችን ይነካል። ወዲህ ያለው አዲሱ ማሳ ሁለት ይነካል፤ እነሱም ከአራቱ መካከል ሁለቱ ናቸው፣ መንገዱ በመካከላቸው ያልፋል እንጂ ከተሞቹ ያው ናቸው። በአዲሱ ደንብ አራት ጊዜ 3፣ 12፤ ሁለት ጊዜ 3፣ 6፤ ድምሩ 18። በድሮው ደንብ አራት ከተማ አራት ጊዜ 4፣ 16፤ አዲሱ ማሳ ምንም አይጨምርም፣ ከተሞቹ አንዴ ተቆጥረዋልና። አንተ 24 ያገኘኸው 4ቱን ከድሮው ወስደህ፣ ሁለቴ መቁጠሩን ከአዲሱ ወስደህ ነው። እንዲህ የሚል ደንብ በየትኛውም እትም የለም።

ክፋት አለበት አልልህም። መንዝ ውስጥ የመሬት ክርክር ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ለላይኛው ማሳ አጽመ ርስት ቆጥሮ ከአያት ቅድመ አያት ይወርዳል፣ ለታችኛው ማሳ ደግሞ የግብር ደረሰኝ ያወጣል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰማ እውነት ይመስላል። ዳኛው ግን አንዱን መንገድ ምረጥና በእሱ ላይ ቁም ይለዋል።

እንግዲህ የቱ ይያዝ? በቅድሚያ ተነጋግራችሁ ቢሆን ኖሮ የተነጋገራችሁት ይጸና ነበር። አልተነጋገራችሁም። «ሳጥኑ የድሮው ስለሆነ የድሮው ይያዝ» ማለት ያስኬዳል፣ እኔም መጀመሪያ ወደዚያ አዘነበልኩ። የላክልኝ የነጥብ ዝርዝር ግን ሌላ ይናገራል። ሦስተኛው መስመር ላይ በራስህ እጅ «ትንሿ ከተማ፣ 4» ብለሃል። በሁለት ታይል የተዘጋች ከተማ በአዲሱ ደንብ እንደማንኛውም ከተማ በታይል 2፣ ማለትም 4 ነጥብ ታወጣለች። በመጀመሪያው እትም ግን ለእንዲህ ዓይነቷ ከተማ የሚሰጠው 2 ብቻ ነበር። አንተ 4 ወስደሃል፣ ማንም አልተቃወመም። እንግሊዝኛ መምህሯም ታች ላይ እንዲሁ 4 ወስዳለች። ማታውን ሙሉ በአዲሱ ደንብ ስትጫወቱ አምሽታችኋል ማለት ነው። ተዋዋዮች ውላቸውን እንዴት እንደፈጸሙት ውሉን ከሁሉ በላይ ይተረጉመዋል። ስለዚህ 3 ነው፤ 18 ነው። በንጹሑ የድሮ ደንብ ብንሄድም ማሳህ 16 ስለሚያወጣ 102 ትሆናለህ፤ ከዚያ ደግሞ ትንሿ ከተማ የሰጠችህ ላይ 2 መመለስ ይኖርብሃል። ደንቡ የአሳማንም ዋጋ አብሮ እንደሚቀይረው ልብ በል፦ በድሮው 4ቱን 5 ያደርጋል፣ በአዲሱ 3ቱን 4። መሠረቱን ከአንዱ፣ ማስፋፊያውን ከሌላው እትም ማንበብ የዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ምንጭ ነው።

ሒሳቡ እንግዲህ እንዲህ ይዘጋል። ያንተ በጨዋታው መካከል የያዝከው 71፤ መንገድ 5፣ ሁለቱ ማሳዎች 18፣ ካቴድራሉ 0፣ ወይን 10፤ 104። የሱ 78፤ ያልተዘጋው ባለ ሦስት ታይልና አንድ ጋሻ ከተማ 4፣ ዙሪያው ስድስት ታይል የደረሰለት ገዳም ከራሱ ጋር 7፣ ወይን 10፣ በእህል ስለበለጠ 10፤ 109። የነጥብ ሰሌዳው 50 ላይ ሲደርስ ወደ ዜሮ ስለሚዞር 71 እና 78 ያላችሁት ሁለታችሁም አንድ ዙር ጨርሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ። በአንደኛው ማስፋፊያ ውስጥ ለዚህ ተብለው የተሠሩ 50 እና 100 የተጻፈባቸው ካርዶች አሉ፤ ፎቶው ላይ ሁለታችሁም ፊት አንዳንድ ይታዩኛል።

አንድ ሳትጠይቀኝ የምትደርስባችሁ ነገር ልጨምር። የመጨረሻዋ ታይል ወጥታ የትም ባትገጥምስ? ወደ ሳጥኑ ትመለሳለች፤ ሌላ የሚወጣ ስለሌለ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ያወጣት ሰው ሰውዬ አያስቀምጥም፤ ምክንያቱም ያው ከላይ ለግንበኛው ያልነው ነው። ከመውደቋ በፊት ግን ሁሉም ሰው ጠረጴዛውን ዞሮ ይፈልግላት። ታይሏ የምትገጥምበት ቦታ ካለ፣ ባለ ተራው ባይወደውም እንኳ፣ ማስቀመጥ ግዴታው ነው፤ «አይገጥምም» ማለት ሲጠቅመው «አልታየኝም» የሚል ብዙ ነው።

ለሚቀጥለው ጨዋታ የስልኩን ደንብ ያዙ፤ ሁሉም የለመደው እሱን ነው። የድሮዋን ደብተር አትጣሏት፣ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሽፋኗ ላይ ብቻ «የመጀመሪያው እትም» ብላችሁ በጉልህ ጻፉባት፣ እና ሳጥኑ ሲከፈት ከውስጥ አውጥታችሁ መደርደሪያ ላይ አድርጓት።